ማሾ መውቂያው የጎደለው ቬንቸር ካፒታል አይደለም

ሰሞኑን አንድ የምጣኔ ሀብት ምሁር ስለ ወሎ ዩኒቨርሲቲዎችና ከእነሱ ሊወለዱ ስለሚገባቸው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የጻፉትን ረዘም ያለ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ «አንተስ ምን ትላለህ?» የጠየቁኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሐረጎን ወርጄ የኮምቦልቻ ደንበኞቼን መዝገብ አገላብጣለሁ። ከነዚህ ደንበኞች መካከል ከዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ሐሳብ ይዘው ወጥተው ድርጅት ያቋቋሙ፣ ሞክረው የተዉ፣ አሁንም የሚታገሉ ልጆች አሉ። እኔ የማየው ደረሰኛቸውን ነው፤ ደረሰኝ ደግሞ አይዋሽም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይኸውና። ከዩኒቨርሲቲ የወጡትን የዓለም ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያሳደገው ቬንቸር ካፒታል ነው ይላሉ፤ ማለትም አበድሮ ወለድ የሚጠብቅ ሳይሆን ድርሻ ገዝቶ ኪሳራውንም ትርፉንም የሚካፈል ገንዘብ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች የሚሠሩ ፈጠራዎች መደርደሪያ ላይ የሚቀሩት ይህ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ የወሎ ሰው ደግሞ ድርሻ መጋራት አልለመደም። ስለዚህ መንግሥት እንደ እስራኤል ለወሎ የሚሆን ፈንድ ያቋቁም፤ ዩኒቨርሲቲውም የሕዝብ ሀብት እንዳይባክን ከእያንዳንዱ ኩባንያ 51 በመቶ ይያዝ። ጦርነቱ የዘረፈው ቤተ ሙከራም በዚሁ ገንዘብ ይተካል። ጽሑፉ ከተቆርቋሪነት የመጣ ለመሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ግን በአብዛኛው አልተስማማሁም፤ የተስማማሁበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ማስረጃቸው ጉግል ነው። ጥሩ፣ ጉግልን እንየው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የፍለጋ ዘዴውን የሠሩት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ ነው። ይሠሩበት ለነበረው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት ገንዘብ ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ማለትም መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንዲ ቤክቶልሻይም የተባሉ ባለሀብት ከራሳቸው ኪስ የ100 ሺህ ዶላር ቼክ ጻፉላቸው። ሁለት የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች 25 ሚሊዮን ዶላር ይዘው የመጡት በ1999 ነው፤ ያኔ ሰው በየቀኑ የሚፈልግበት የሚሠራ ነገር ነበራቸው። ቬንቸር ካፒታሉ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ አንድ የወረቀት ሥራ አለቀ። የፈጠራ መብቱ የዩኒቨርሲቲው ስለነበር ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ሰጣቸው፤ በምላሹ 1.8 ሚሊዮን አክሲዮን ወሰደ፤ አክሲዮኑን ሸጦ ሲጨርስ በ2005 ያገኘው 336 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ የተከፈተው በ1970 ነው። ቢሮው ጉግልን 28 ዓመት ጠበቀው ማለት ነው። ቬንቸር ካፒታሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው የሚመጣው፤ ጸሐፊው ግን ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ነው ያነበቡት።

ከጉግል ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ታሪክ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ነው፤ ምናልባት ስለረሳነው አይጠቀስም። እ.ኤ.አ. በ1957 ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሊንከን ቤተ ሙከራ ወጥተው ኮምፒውተር እንሥራ አሉ። ገንዘቡን የሰጣቸው ጆርጅ ዶሪዮ የሚመሩት፣ በ1946 የተመሠረተው ድርጅት ነው፤ ዶሪዮ የዘመናዊው ቬንቸር ካፒታል አባት ይባላሉ። የሰጣቸው 70 ሺህ ዶላር ነው። ገንዘቡ በኋላ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ሀብት ሆነ፤ ሰው የሚያወራውም ይህንን ነው። እኔን የሚገርመኝ መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ነው። ኮምፒውተር አልሸጡም። ሌሎች ትላልቅ ድርጅቶች በኮምፒውተር እየከሰሩ ስለነበር ቃሉን እንኳ ከዕቅዳቸው እንዲያወጡ ተመከሩ። ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች የሚሆኑ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሠርተው ሸጡ፣ በመጀመሪያው ዓመትም አተረፉ። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ይህን ያዙልኝ፤ ሐርቡ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ባንክ ነው፤ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ቤት የሌለው ምሩቅ ባንክ ቢገባ የሚጠየቀው ካርታ ነው። አባቱ ደሴ ውስጥ ቤት ካላቸውና ካስያዙለት ይበደራል፤ ከሌላቸው ዲግሪውን አጥፎ ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ (ቁጥር 1147) ማሽንም፣ ከብትም፣ ሰብልም፣ ተሰብሳቢ ሒሳብም መያዣ መሆን ይችላል ብሏል። በሕግ ደረጃ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን እስከ አሁን ከማውቃቸው ልጆች አንዱም የሠራትን ማሽን አስይዞ ሲበደር አላየሁም። ስለዚህ ባንክ የዚህ ሥራ ቤት አይደለም የሚለውን እቀበላለሁ።

የማልቀበለው «ስለዚህ ቬንቸር ካፒታል» የሚለውን መዝለል ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ፈንድ 100 ሚሊዮን ብር ሰበሰበ እንበል። በተለመደው አሠራር የፈንዱ ዕድሜ 10 ዓመት ነው፣ አስተዳዳሪዎቹ በዓመት 2 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። ይህ ብቻ 20 ሚሊዮን ነው፤ ለኩባንያዎች የሚተርፈው 80 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለ16 ኩባንያዎች አምስት አምስት ሚሊዮን ተከፋፈለ። ግማሹ ይሞታል፤ ጥቂቱ ገንዘቡን ብቻ ይመልሳል። ባለገንዘቦቹ ደግሞ 10 ዓመት ጠብቀው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ካላገኙ ለምን ይገባሉ? ባንክ ቢያስቀምጡት ይሻላቸው ነበር። ስለዚህ ከ16ቱ አንዷ ወይም ሁለቷ ብቻቸውን ከ200 ሚሊዮን በላይ ማምጣት አለባቸው፤ አምስት ሚሊዮን የገባባት ድርጅት ለፈንዱ ድርሻ ብቻ ሃያ እጥፍ፣ አርባ እጥፍ መሆን አለባት።

ይህን ሲያስቡ በዓይንዎ የሚመጣው ምንድን ነው? ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒትም። የማሾ መውቂያ፣ የእህል ማድረቂያ፣ የውሃ ፓምፕ ጥገና አይሆንም። የእኛ ግቢዎች በብዛት የሚያወጡት ግን እንዲህ ያለውን ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ሰው ይገዛዋል፣ አምስትና አሥር ሰው ይቀጥራል፣ በዓመት 20 በመቶ ቢያድግ ድግስ ነው። ለቬንቸር ፈንድ ግን በ20 በመቶ የምታድግ ድርጅት እንደ ሞተች ትቆጠራለች።

ከዚያ ደግሞ መውጫው አለ። ባለገንዘቡ በ10ኛው ዓመት ድርሻውን ለማን ይሸጣል? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው፤ ጅምሩ በባንክ አክሲዮን ነው። የውጭ ባለሀብት ይምጣ ቢባል የኢንቨስትመንት አዋጁ (ቁጥር 1180/2012) ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ሰው ጋር ሲሆን 150 ሺህ ዶላር ይዞ እንዲገባ ያዛል። ሦስት ልጆችና አንድ የብየዳ ማሽን ላላት ድርጅት ይህ ገንዘብ አይመጥናትም፣ ይውጣታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ማለፉንም ያስታውሳሉ። ሰኔ ላይ ዶላር መንዝሮ የገባ ባለሀብት ነሐሴ ላይ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን አጥቶ ነበር፤ ኩባንያው ምንም ሳያጠፋ።

ሦስተኛው ነጥብ አናዶኛል፤ ለምን እደብቃለሁ። የወሎ ሰው ድርሻ መጋራት አልለመደም፣ ኪሳራ መካፈል ባህሉ አይደለም ብለዋል። ጸሐፊው ወሎ ተወልደው ከሆነ ርቢን ረስተውታል፤ ካልተወለዱ ደግሞ የባቲ ሰኞ ገበያ አንድ ቀን ይዋሉ።

ከተማ ያለ ሰው፣ አስተማሪም ይሁን ነጋዴ፣ አንዲት ሴት በግ ወይም ጊደር ይገዛና ገጠር ላለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይሰጣል። ርቢ ይባላል። ገበሬው ይጠብቃል፣ ያበላል፣ ይታመምለታል። እናቲቱ የባለገንዘቡ እንደሆነች ትቀራለች፤ የወለደችው ይካፈላል። ዝርዝሩ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጋ አንደኛው ግልገል ለገበሬው ሁለተኛው ለባለቤቱ ነው፣ ሌላው ጋ ሸጠው ብሩን እኩል ያደርጉታል። በጓ ብትሞት ገበሬው ዕዳ የለበትም፤ ጥፋቱ ካልሆነ በቀር «ክፈል» የሚለው የለም። ወለድም የለም። አሁን ይህን ለአንድ የውጭ አገር ባለሙያ በእንግሊዝኛ ቢነግሩት ስሙን ወዲያው ያወጣለታል። የእኩል እርሻውም ያው ነው። ቅሬውስ (የወሎው ዕድር)? ዕቁቡስ?

ይህም ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ በሃይማኖቱ ምክንያት ከወለድ የሚሸሸው ሕዝብ ብዙ ነው። ከእስልምና የንግድ ሕግ ውስጥ ሙዳረባ የሚባለው አንደኛው ገንዘብ ሌላኛው ሙያ ይዞ የሚገባበት ውል ነው፤ ትርፉን በተስማሙበት ልክ ይካፈላሉ፣ ሲከስር ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ባለሙያው ልፋቱን ያጣል። ይህ ከብድር ይልቅ ለድርሻ የቀረበ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ ሲጀምሩ እኔ ተስፋ ያደረግኩት በዚህ በኩል ነበር። በዓለም ላይ ያሉ ወለድ አልባ ባንኮች ግን አብዛኛው ሥራቸው ሙራበሃ ነው፤ ዕቃውን ገዝተው ትርፍ ጨምረው በዱቤ የሚሸጡበት። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ሙራበሃ ለመቆጣጠር ይቀላል። ቢሆንም ሐሳቡ በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ አለ፤ ማስተማር አያስፈልግም።

ታዲያ ርቢና ቬንቸር ካፒታል አንድ ናቸው? አይደሉም፤ የጸሐፊው ስሕተትም የእኔም መከራከሪያ እዚህ ላይ ነው ያለው። ርቢ በጓ ዝሆን እንድትሆን አይጠብቅም። በየዓመቱ አንድ ግልገል ከወለደች ባለገንዘቡ ደስተኛ ነው፤ ለዚህም ሲል ለእያንዳንዷ በግ ይጨነቃል። ቬንቸር ካፒታል ሃያ በግ ገዝቶ አንዷ ዝሆን እስክትሆን የሚጠብቅ ገንዘብ ነው፣ የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ቢሞቱ እንቅልፍ አያጣም። ሁለቱም አሠራር ቦታ አለው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለማያቸው ልጆች የሚመጥነው ግን የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ 51 በመቶው እንሂድ። ከጽሑፉ ሁሉ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ብዬ የምፈራው ይህን ነው፤ ቢሮ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ስለሚጥም ነገ መመሪያ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ነገር ላውራ። ሁለት የሜካኒካል ምሩቃንና አንዲት የግብርና ምሩቅ አሉ፣ ደንበኞቼ ናቸው። ለመመረቂያ ሥራቸው የማሾ መውቂያ ሠሩ። ሐርቡንና የቃሉ ወረዳን ቆላ የሚያውቅ ሰው ማሾ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ድርቅ የሚችል ጥራጥሬ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ወደ ውጭም ይላካል። መከራው መውቃቱ ነው። በዱላ ሲወቃ ቀን ይፈጃል፤ በበሬ ሲበራይ ከአፈርና ከጠጠር ይቀላቀላል፣ ነጋዴው በዚያ ሰበብ ዋጋ ይቀንሳል። ልጆቹ በዩኒቨርሲቲ በጀት በተገዛ ላሜራና ሞተር ማሽኑን ሠሩ፣ በመምህሮቻቸው ፊት አስነሡት፣ ጥሩ ውጤት አገኙ። ከተመረቁ በኋላ ማሽኑን ሐርቡ ወስደን እንሞክረው ብለው ሲጠይቁ ማሽኑ ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበት አገኙት። የመንግሥት ንብረት ሆኗል። ሊወጣ አይችልም፣ ሊሸጥ አይችልም፣ ሊከራይም አይችልም፤ የሚወገደው አርጅቶ በጨረታ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ቆመ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም፤ ንብረት ክፍሉም የተሰጠውን መመሪያ ነው የሠራው፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ልጆቹ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ማሽኑ ይቅር፣ ሥዕሉ የማን ነው? ያንኑ ንድፍ ደግመን ብንሠራ ነገ ከሰሱን ማለት ነው? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የፈጠራ አዋጁ (ቁጥር 123/1987) ተቀጣሪ በሥራው ያገኘው ፈጠራ ሌላ ውል ከሌለ የአሠሪው ነው ይላል። እነዚህ ተቀጣሪ አልነበሩም፣ ተማሪ ነበሩ። የረዳቸው መምህር ግን ተቀጣሪ ነው። ላሜራው የመንግሥት ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ልጅ አባቷ ሐርቡ ማሾ ስለሚዘሩ ነው ያመጣችው። አሁን ይህን ፍረዱ! ለስምንት ወር ያህል ሦስት ቢሮ ተመላለሱ። ሁሉም ሰው ጥሩ ሰው ነበር፣ ሁሉም «በርቱ» አለ፣ ማንም ግን አልፈረመም። የሚያስፈርም አሠራር አልነበረማ።

በዚህ ላይ 51 በመቶ ሲጨመር ምን ይሆናል? ኩባንያው ውስጥ አብላጫው ድምፅ የዩኒቨርሲቲው ከሆነ ኩሽኔታ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይፈለጋል። ቺንጊያ በመውቂያ ወቅት ተበጠሰ፣ ገበሬው አውድማ ላይ ቆሟል፣ እኛ የግዥ ኮሚቴ ስብሰባ እንጠብቃለን። ባለገንዘብም አይገባም፤ መሥራቾቹ ከግማሽ በታች ይዘው በቀሩበት ድርጅት ውስጥ ለሚቀጥለው ገንዘብ የሚሸጥ ምን ድርሻ ይቀራል? ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 መንግሥት ያስጠናው ገለልተኛ ግምገማ ዩኒቨርሲቲዎች በሶፍትዌርና በመሰል ኩባንያዎች 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ ብዙ የምርምር ወጪ በሚጠይቁት የሕይወት ሳይንስ ኩባንያዎች ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ እንዲይዙ ነው የመከረው። ይህን ያለው ዩኒቨርሲቲዎቹ አብዝተው መያዛቸው ኩባንያዎቹን እየጎዳ ነው ከሚል አቤቱታ ተነሥቶ ነው። እኛ እነሱ ያዩትን ሳናይ ከነሱ በላይ እንያዝ እያልን ነው። ከምንም ኩባንያ 51 በመቶ ያው ምንም ነው፤ ይህን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የሕዝብ ሀብት ይጠበቅ የሚለው ሐሳባቸው ግን ትክክል ነው። መጠበቂያው ሌላ ነው፦ ትንሽ ድርሻ፣ ወይም ከሽያጩ ትንሽ መቶኛ ለተወሰነ ዓመት። ርቢ ማለት ነው፤ እናቲቱ ያንተ፣ ግልገሉ የጋራ።

እስራኤልን በተመለከተ ጸሐፊው የዮዝማን ግማሹን ነው የነገሩን። ዮዝማ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት፤ ከዚያ አብዛኛው ለ10 የግል ፈንዶች በየፈንዱ ስምንት ስምንት ሚሊዮን ሆኖ ተከፋፈለ። መንግሥት ፈንዶቹን አላስተዳደረም። እያንዳንዱ ፈንድ ልምድ ያለው የውጭ ሸሪክ ይዞ መምጣት ነበረበት፤ ከተሳካለት ደግሞ የመንግሥትን ድርሻ በገባበት ዋጋና በወለዱ መግዛት ይችል ነበር። ማለትም መንግሥት ትርፉን አስቀድሞ ለቀቀ፤ ገንዘቡን የሳበው ይህ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1992 ኢንባል የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነበር፤ የፈንዶችን ሀብት እስከ 70 በመቶ ከኪሳራ የሚያድን የመንግሥት ዋስትና። ወደቀ። ኪሳራ የተሸፈነለት ሰው ለመትረፍ እንጂ ለማትረፍ አይሮጥም። አሁን የ51 በመቶውን ሐሳብ ከዮዝማ ጎን አስቀምጡት፤ አንዱ ትርፉን ይለቃል፣ ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይይዛል። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ መደገፍ አይቻልም።

ደግሞም ዮዝማ የዘነበው በደረቅ መሬት ላይ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ ከእነሱ ውስጥ እጅግ ብዙ መሐንዲሶች ገብተው ነበር። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ መብት የሚያስተዳድር ኩባንያ ያቋቋመው በ1964 ነው። የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሩ ዋና ሳይንቲስት ጽሕፈት ቤትም በ1984 በወጣ ሕግ ለምርምር ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ምርቱ ከተሸጠ ከሽያጩ በመቶኛ ይመለሳል፣ ካልተሸጠ አይመለስም። ጸሐፊው ያለፉት ይህን ነው፤ እኔ ብሆን ከእስራኤል የምሰርቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ለወሎ ብቻ የሚሆን ፈንድ ግን አይሠራም። በዓመት ውስጥ ፈንድ ሊገባባቸው የሚችሉ ስንት ኩባንያዎች ከእነዚህ ግቢዎች ይወጣሉ? ፈንድ ካስፈለገ አገራዊ ይሁንና የኛ ልጆች ከጎንደሩም ከጅማውም ጋር ተወዳድረው ይውሰዱ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልልም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙባቸው ሳምንታት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መዘረፋቸውን ሁላችንም አይተናል፤ ኮምፒውተር ቀርቶ የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳ ተነቅሏል። ቤተ ሙከራ ይተካ የሚለው ላይ ሙሉ በሙሉ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ያንን የሚተካው የሕዝብ በጀትና እርዳታ ነው። ድርሻ ገዝቶ የሚገባ ባለሀብት ለቶርኖና ለማይክሮስኮፕ መግዣ አይሰጥም፤ ሰጥቶም አያውቅም።

አሁን ሐርቡ። ልጆቹ የፈረመላቸው ሲጠፋ ንድፉን ከሥሩ ቀይረው፣ ከዕቁብ ባወጡት ብር ኮምቦልቻ አንድ ብየዳ ቤት ጓሮ ውስጥ ሁለተኛ ማሽን ሠሩ። በጥቅምት ጭነው ወረዱ። እኔም የወጪውን ነገር ለማየት አብሬ ሄድኩ። ማሽኑ ተነሣ፣ ገበሬዎቹ ከበቡ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ሞላ። አንድ ሽማግሌ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው በተን አደረጉት። ግማሹ ተከክቷል። «ልጆቼ፣ እኔ ማሾ ነው ያመጣሁት፣ እናንተ ክክ መለሳችሁልኝ» አሏቸው። ሳቅ ሆነ፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም። የማሽኑ መውቂያ ከበሮ ከመጠን በላይ ይፈጥን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሞከሩት በደረቀ፣ በተመረጠ ማሾ ነው፤ ማሾ ደግሞ ፍሬው እኩል አይደርስም፣ እርጥቡና ደረቁ አብሮ ነው የሚመጣው። ያን ሌሊት ወደ ኮምቦልቻ ተመልሰው ቶርኖ ቤት አስከፍተው ከበሮው እንዲዘገይ ሰፋ ያለ ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚዞርበትን ጎማ) አስቀረፁለት። በማግስቱ ማሾው ማሾ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ቅድም በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ታሪክ ላይ ያዙልኝ ያልኩት። ማሽን ሊሸጡ ነበር የወረዱት፤ የሚገዛ አልነበረም፣ ማንም ገበሬ ለሁለት ወር ሥራ ያን ያህል ብር አያወጣም። መወቃቱን ሸጡ። በኩንታል ሒሳብ፣ ከአውድማ አውድማ እየዞሩ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ። የሦስተኛው ማሽን ላሜራ የተገዛው በዚያ ብር ነው፤ ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። ያኔ የጎደላቸው ምን ነበር? ለአንድ ወቅት የሚሆን ትንሽ ብር፣ ከሽያጭ የሚመለስ። አንድ ፈራሚ። የመጀመሪያ ደንበኛ የሚሆን ማኅበር ወይም ወረዳ። አምስት ሚሊዮን ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ክክ የሚያወጣ ማሽን ሠላሳ ያህል ሠርተው መጋዘን ይሞሉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። እዚያው ቆላ ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ለሁለት መውቂያ ቀብድ ከፍለዋል። ነገር ግን ውሉ ላይ ንድፉ የማን እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ ይግባ ብለዋል፤ ገበሬም እኮ ጠበቃ ያማክራል። ይህን የሚገልጸው የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ አሁንም አልመጣም። ጸሐፊው የተማሩ፣ ስማቸው የሚሰማ ሰው ናቸው፤ ፈንዱን ትተው ለዚህች ደብዳቤ አንድ ስልክ ቢደውሉ ይበቃናል። ይዘቱን እኔ አርቅቄ እልክላቸዋለሁ፤ ሦስት መስመር ነው።